ምዕራፍ 6፦ ዝናቡ ቆም ሲል

በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያደገ ሰው የሐምሌን ዝናብ ያውቀዋል። ገና ሲጀምር ቤቱ ሁሉ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ እናት ከጓዳ ትጣራለች፣ ልጅ ከሳሎን ይመልሳል፣ አንዱ ያንዱን አይሰማም። ሩብ ሰዓት ሲያልፍ ግን ዝናቡ ከጆሮ ይጠፋል። ጣሪያው እንደተደበደበ ነው፤ መስማት የተውነው እኛ ነን። ከዚያ ድንገት ያባራል፤ ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ ከያዘው ሥራ ቀና ይላል። አንድ ሰዓት ሙሉ የረሳነውን ዝናብ የምንሰማው ባቆመባት ቅጽበት ነው።

ይህ ምዕራፍ ፖስት ሃርድኮር ስለሚባለው ሙዚቃ ነው። ስሙ በአማርኛ “ድኅረ ሃርድኮር” እንደማለት ነው፤ ከሃርድኮር በኋላ የመጣ፣ ከሃርድኮርም የወጣ። አርባ ዓመት በተሻገረ ታሪኩ ብዙ ቅርንጫፍ አውጥቷል፤ የቅርንጫፎቹ ስም ብዛት ጀማሪን ያደናግራል። እኔ ግን ይህን ሙዚቃ ለዓመታት ሳዳምጥ ከኖርኩ በኋላ ሁሉንም የሚያስተሳስር አንድ ጥያቄ ያለ ይመስለኛል፦ ጩኸቱ እንዲሰማ ዝምታውን የት እናስቀምጠው?

ካለፈው ምዕራፍ የተረፈ ጥያቄ

በምዕራፍ 5 ፓንክ እንዴት ወደ ሃርድኮር እንደተለወጠ አይተናል። ለማስታወስ ያህል፣ ሃርድኮር ፓንክን አፋጥኖ፣ አክርሮና አሳጥሮ የተወለደ ሙዚቃ ነው። በ1980 በዋሽንግተን ዲሲ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላቸው ልጆች፣ ቲን አይድልስ የተባለው ባንዳቸው ሲበተን፣ በኮንሰርት ያጠራቀሙትን ገንዘብ በመከፋፈል ፈንታ ሸክላ አሳተሙበት። ማሳተሚያውንም ዲስኮርድ ሪከርድስ አሉት። ከእነዚያ ልጆች አንዱ ኢያን ማካይ ነው፤ በዚህ ምዕራፍ ደጋግመን እናገኘዋለን። ቀጥሎ የመሠረተው ባንድ ማይነር ትሬት፣ ከመጠጥና ከአደንዛዥ ዕፅ ርቆ የመኖርን ሐሳብ በአንድ ዘፈን ተናገረ፤ ሐሳቡም ለብዙ ወጣቶች የኑሮ መመሪያ ሆነ። የዘፈኑ ርዝመት 46 ሰከንድ ነው። (እንደ ቀደሙት ምዕራፎች ሁሉ እዚህም ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

46 ሰከንድ ማለት ቡና ተቀድቶ ስኳሩ እስኪማሰል ያለው ጊዜ ነው። በዚያች ጊዜ ውስጥ ሙዚቃው ከመጀመሪያው ምት እስከ መጨረሻው በአንድ ከፍታ ይሮጣል፤ ማረፊያ የለውም። በምዕራፍ 3 ያየነው የተሻከረ የጊታር ድምፅ ያለ ዕረፍት ይፈስሳል፤ ድራሙ ያሳድደዋል፤ ድምፃዊው ትንፋሽ እስኪያጥረው ይጮኻል። መጀመሪያ ለሰማው ሰው እንደ በረዶ ናዳ ነው።

ችግሩ የመጣው ናዳው በየሳምንቱ መውረድ ሲጀምር ነው። ከፈጣኑ የሚፈጥን ባንድ ተነሣ፤ ከሚጮኸው ይበልጥ የሚጮኽ ተከተለው። አዳራሾቹ በረብሻ ሞሉ፣ ድብድብ በዛ፤ ሙዚቃው ግን ልብ ላይ የሚያደርሰው ነገር እየሳሳ ሄደ። ማይነር ትሬትም በ1983 ተበተነ። ከዚህ ወዲያ የት ይኬዳል?

ጆሮ ሲለምድ

መልሱን ለማግኘት ከሙዚቃው ትንሽ ወጣ ብለን ጆሮን እንመልከት። የመስሚያ ነርቭ አንድ ድምፅ ሲጀምር በብርቱ ይነቃቃል፤ ድምፁ ሳይለወጥ ከቀጠለ ግን መልእክቱ ወዲያው ይቀዘቅዛል። አንጎልም የማይለወጥን ነገር ወደ ኋላ ይገፋል፤ የሚጠብቀው ለውጥን ነውና። ከዚህ በላይ በመካከለኛው ጆሮ ውስጥ፣ ከሰውነታችን አጥንቶች ሁሉ ከምታንሰው አጥንት ጋር የተያያዘች አንዲት ጡንቻ አለች። ኃይለኛ ድምፅ ሲመጣ ትኮማተርና ወደ ውስጥ የሚያልፈውን ትቀንሳለች። ጆሮ በር አለው፤ ሲጮኹበት ይገረበባል።

ሌላም አስቸጋሪ ሕግ አለ። አንድ ድምፅ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማን የድምፁ ኃይል ወደ 10 እጥፍ ገደማ ማደግ ይኖርበታል። አንድ ጊታር ያለው ባንድ ሁለተኛ ቢጨምር እጥፍ አይሰማም፤ እጥፍ ለመሰማት አሥር ያህል ጊታሮች ያስፈልጉታል። ከዚያ በላይ እጥፍ ቢፈልግ መቶ። በጩኸት ላይ ጩኸት እየጨመሩ መሄድ ዋጋው የማይቻል መንገድ ነው።

ርካሹን መንገድ ከገበታ መማር ይቻላል። ክትፎ ከአይብ ጋር የሚቀርበው ያለ ምክንያት አይደለም። ሚጥሚጣው ምላስን ያቃጥላል፤ ጥቂት ጉርሻ ሲደጋገም ግን ምላስ ይደነዝዛል። አይቡ ያበርደዋል። ከአይቡ ቀጥሎ የሚጎረሰው ሚጥሚጣ፣ መጠኑ ሳይጨመር፣ እንደ መጀመሪያው ይፋጃል። ሙዚቀኞች ይህንን በድምፅ ከፍታና ዝቅታ መካከል ያለውን ርቀት ዳይናሚክስ ይሉታል። ርቀቱን ለማስፋት ሁለት መንገድ አለ፦ ጣሪያውን ከፍ ማድረግ፣ ወይም ወለሉን ዝቅ ማድረግ። ሃርድኮር ጣሪያውን ነክቶ ጨርሶ ነበር፤ ፖስት ሃርድኮር ወለሉን መቆፈር ጀመረ።

ሁለት ጫፍ በአንድ መድረክ

ቁፋሮው ግን ከዜሮ አልተነሣም። በዋሽንግተን ከሁሉም ፈጥኖ የሚጫወተው ባንድ፣ ከሁሉም ዝግ ያለውን ሙዚቃም የሚጫወተው እሱ ነበር። ባድ ብሬይንስ ይባላል። አባላቱ በጃዝ ፊውዥን የጀመሩ፣ መሣሪያቸውን ጠንቅቀው የሚያውቁ ጥቁር ወጣቶች ናቸው። በጉዟቸው መካከል የራስ ተፈሪያንን እምነት ተቀበሉ፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም በእምነታቸው መሃል ቆመ። በ1982 በካሴት የወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው ሽፋን ላይ መብረቅ የአሜሪካን ምክር ቤት ጉልላት ሲመታ ይታያል፤ ቀለሞቹም አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ናቸው።

ከእምነቱ ጋር ሬጌው መጣ። አንድ ደቂቃ የማይሞላ የሃርድኮር ወጀብ ያወርዱና፣ ላባቸው ሳይደርቅ እያንዳንዱ ምት ለየብቻው የሚተነፍስ የሬጌ ዘፈን ይጀምራሉ። አድማጩ ሬጌውን ሲሰማ ይረጋል፤ ቀጣዩ ወጀብ ሲወርድ ደግሞ እንደ አዲስ ይመታዋል። የክትፎውና የአይቡ ነገር እዚህ መድረክ ላይ ቀድሞ ነበር።

ከተጫወቱባቸው ስፍራዎች አንዱ አዳምስ ሞርጋን ሰፈር፣ 18ኛ መንገድ ላይ የነበረ የሠዓሊያን የጋራ ቤት ነው። በ1980ዎቹ፣ በ1974ቱ አብዮት ሰበብ ከአገር የወጡ ኢትዮጵያውያን በዚያው መንገድ ምግብ ቤት መክፈት ጀመሩ። ስለ ኢትዮጵያ የሚዘምር ባንድና እንጀራ የሚጋግሩ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ዓመታት ልዩነት አንድ አስፋልት ረግጠዋል። ዲሲን የምታውቁ አንባቢዎቼ ይህ ሙዚቃ ከሰፈራችሁ የወጣ መሆኑን እንድታስቡት እወዳለሁ።

ሆኖም በባድ ብሬይንስ ዘንድ ወጀቡና ጸጥታው በየራሳቸው ዘፈን ይኖሩ ነበር። ጎረቤታሞች ነበሩ፤ ገና አልተጋቡም።

ለጋብቻው የሚያዘጋጁ ሌሎች ሥራዎች በ1984 ከየአቅጣጫው መጡ። የካሊፎርኒያው ብላክ ፍላግ “ማይ ዎር” በተባለው አልበሙ ሁለተኛ ገጽ ላይ እያንዳንዳቸው ከስድስት ደቂቃ የሚበልጡ ሦስት የተጎተቱ ዘፈኖች አስቀመጠ፤ ፍጥነት የለመደው አድማጭ ተቆጣ። ከሚኒሶታ የመጣው ሁስከር ዱ ደግሞ “ዜን አርኬድ” በተባለ ድርብ አልበም፣ ከቤቱ ሸሽቶ ስለወጣ ልጅ የሚተርክ ረጅም ታሪክ ሠራ፤ ፒያኖና ያለ አምፕሊፋየር የሚጫወቱት ጊታር በጩኸቱ መካከል ገቡበት። አጥሩ ተነቃነቀ።

የ1985 በጋ

በእኛ አገር ዝናብ የሚወርድባቸው ወራት በዋሽንግተን የሙቀት ጊዜ ናቸው። በ1985ቱ የሙቀት ወራት በዲስኮርድ ዙሪያ የነበሩ ወጣቶች ረብሻ የወረረውን መድረክ ትተው አዳዲስ ባንዶች መሠረቱ። ወቅቱን “የአብዮት በጋ” አሉት። በዚያው ጊዜ ከበሮና ባልዲ ይዘው በደቡብ አፍሪካ ኤምባሲ ፊት ለፊት ይመቱ ነበር፤ አፓርታይድን በመቃወም።

ከነዚህ ባንዶች ሁሉ ወሳኙ ራይትስ ኦፍ ስፕሪንግ ነው። ድምፃዊው ጋይ ፒቾቶ፣ ድራመሩ ብሬንዳን ካንቲ ነበሩ። ብቸኛ አልበማቸው የተቀዳው በአርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ፣ ዶን ዚየንታራ በመኖሪያ ቤቱ ምድር ቤት ባቋቋመው ኢነር ኢር ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ቀረጻውን የመራው ኢያን ማካይ ነበር። ባንዱ የቆየው ሁለት ዓመት ገደማ ነው፤ መድረክ ላይ የወጣውም ለጥቂት ጊዜ ብቻ። ያመጣው ለውጥ ግን ዛሬም አላበቃም።

ለውጡን ለመረዳት ወደ ለቅሶ ቤት እንሂድ። ጎበዝ አልቃሽ ሙሾዋን ስታወርድ፣ ድምጿ ደህና እስካለ ድረስ ሰው በጸጥታ ያደምጣታል። ድንኳኑ የሚናወጠው ስንኙ መሃል ላይ ድምጿ ሲሰበር ነው። የሟቹን ስም ልትጠራ ትጀምርና ይቆረጥባታል፤ ያችን ባዶ ቦታ ሰው ሁሉ በራሱ ሐዘን ይሞላታል።

ከራይትስ ኦፍ ስፕሪንግ በፊት የሃርድኮር ድምፃዊ በቁጣ ይጮኻል፤ ቁጣውም ወደ ውጭ ነው፤ ወደ ፖሊስ፣ ወደ መንግሥት፣ ወደ ትምህርት ቤት። ፒቾቶ ግን ስለ ጠፋ ፍቅር፣ ስለ ጸጸት፣ ስለ ራሱ ድካም ዘፈነ። ድምፁ ከፍ ይላል፣ ይሰነጠቃል፣ ይወድቃል፣ ደግሞ ይነሣል። ጊታሮቹም ከሥሩ ዜማ ያወጣሉ። ዝምታው ከዘፈንና ከዘፈን መካከል ተነሥቶ ወደ ድምፃዊው ጉሮሮ ገባ።

አንዳንዶች ይህን ስሜት የበዛበት ሃርድኮር “ኢሞ” አሉት፤ ስሜት ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል አሳጥረው። ሙዚቀኞቹ ስሙን ጠሉት፤ ማካይም በግልጽ ተቃወመው። ስሙ ግን ሥር ሰደደ። ዛሬ ኢሞ የሚባለው ሰፊ ዘርፍና ፖስት ሃርድኮር የአንድ ቤት ልጆች ናቸው።

ባዶዋ ቦታ

በ1987 ማካይ ከቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ከጆ ላሊና ከካንቲ ጋር አዲስ ባንድ ይዞ ወጣ፤ ጥቂት ቆይቶ ፒቾቶም ገባበት። ባንዱ ፉጋዚ ነው። አንባቢ ከዚህ ምዕራፍ አንድ ስም ብቻ ይያዝ ብባል የምመርጠው እሱን ነው።

በጣም የታወቀውን ዘፈናቸውን፣ “ዌይቲንግ ሩም”ን፣ እንመርምር። ርዕሱ “ተራ መጠበቂያ ክፍል” ማለት ነው። ቤዝ ጊታሩ ብቻውን ይጀምራል፤ የሚንከባለል፣ ወዲያው ሰውነት የሚያነቃንቅ ዜማ። ድራሙና ጊታሩ ይከተሉታል። 20 ሰከንድ አለፍ ሲል፣ ገና ድምፃዊው አፉን ሳይከፍት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያቆማሉ። ጸጥ። ጥቂት ምት የሚያህል ባዶ ቦታ ይከፈታል። ከዚያ ቤዙ እንደገና ይነሣል።

በዚያች ባዶ ቦታ ውስጥ ምን ይሆናል? አድማጩ ምቱን በራሱ ውስጥ ይቆጥረዋል። ሙዚቃው ከድምፅ ማጉያው ወጥቶ ወደ ሰውየው ገብቷል ማለት ነው። እስክስታ የሚወርድ ሰው ትከሻው ድንገት ቀጥ ሲል የከበበው ሰው እጁን ሊያጨበጭብ አንሥቶ ትንፋሹን እንደሚውጠው ነው። ሃርድኮር አድማጩን ገፍቶ ያንቀሳቅሰው ነበር፤ ፉጋዚ ቦታ ለቀቀለት።

ቦታ መልቀቅ በቅንብራቸው ሁሉ ውስጥ አለ። በኋላ በመጡ ሥራዎቻቸው ሁለቱ ጊታሮች አንድ ዓይነት ነገር ደራርበው አይጫወቱም፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ይሰማል፣ ሲያቆም ይመልስለታል። ጨዋ ሰዎች ሲጫወቱ አንዱ ያንዱን አፍ እንደማይነጥቀው ማለት ነው። ቤዙ ከሬጌና ከሬጌ ከወጣው ከደብ የተማረውን ሰፊ አረማመድ ይዞ ከሥር ይሄዳል። ጩኸቱ ሲመጣ ታዲያ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ ትዕግሥት በኋላ ነው፤ ጆሮ በሩን ከፍቶ እየጠበቀው።

በመድረክ አሠራራቸውም ይኸው ሐሳብ ይታያል። መግቢያው አብዛኛውን ጊዜ 5 ዶላር ነበር፤ በየትኛውም ዕድሜ ያለ ሰው ይገባል፤ ስማቸው የተጻፈበት ካናቴራ አይሸጡም። አዳራሹ ውስጥ ሰው ሰውን መጉዳት ከጀመረ ሙዚቃውን ያቆማሉ። የሚረብሸውን ሰው ያነጋግሩታል፤ አልሰማ ካለ 5 ዶላሩን በፖስታ አድርገው መልሰው ያሰናብቱታል። በጩኸት መሃል ማቆም ለእነሱ የሙዚቃ ስልት ብቻ አልነበረም፤ አጠገብህ ያለውን ሰው የመስማት ግዴታ ነበር። ከ1,000 በላይ ኮንሰርቶችን በዚህ ሁኔታ ተጫውተው፣ በ2001 “ዚ አርጊዩመንት” የተባለውን ስድስተኛ አልበማቸውን አወጡና ብዙም ሳይቆዩ መድረኩን ለቀቁ።

አንድ ጥያቄ፣ ብዙ መልስ

ከፉጋዚ መነሣት በኋላ ቅርንጫፎቹ በዙ። ስሞቹን መሸምደድ አያስፈልግም፤ እያንዳንዱን “ዝምታውን የት አስቀመጠው?” ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

በኬንታኪ ግዛት የምትገኘው ሉዊቪል ከተማ ልጆች፣ ስሊንት፣ ዝምታውን ከጩኸቱ አስበለጡት። በ1991 የወጣው “ስፓይደርላንድ” ስድስት ዘፈኖች ብቻ አሉት። ድምፃዊው በሹክሹክታ ተረት እንደሚናገር ሰው ያወራል፤ ጊታሮቹ እንደ ሌሊት ጠብታ ይንጠባጠባሉ። የመጨረሻው ዘፈን ሲያልቅ ይጮኻል። ያቺ ጩኸት አልበሙን ሙሉ ስትጠራቀም የቆየች ናት። በኋላ ፖስት ሮክ የተባለው ዘርፍ ትልቅ ሥሩ እዚህ አልበም ውስጥ ነው።

በሳንዲዬጎ ሁለት ተቃራኒ መልሶች በአንድ ከተማ ተገኙ። ድራይቭ ላይክ ጄሁ በ1994ቱ “ያንክ ክራይም” ዘፈኑን ጎተተው፤ አንዳንዱ ከዘጠኝ ደቂቃ ይበልጣል። ውጥረቱ ቀስ እያለ ይወጣል፤ የሚረግብበትን ቦታ ስንጠብቅ አሁንም ይወጣል። ማኅሌት ቆሞ ያደረ ሰው ይህን መንገድ ያውቀዋል። ያው ዜማ በቁም ያለ ከበሮ ይባላል፤ በዝማሜ መቋሚያው ይወዛወዛል፤ በመረግድ ከበሮው ይገባል፤ በጽፋት ምቱ ይፈጥናል። ሰውን ከምድር የሚያነሣው የመጨረሻው ፍጥነት ብቻ አይደለም፤ እስከዚያ የተጓዘው ርቀት ነው። በዚያችው ሳንዲዬጎ በ1991 የተመሠረተው ግራቪቲ ሪከርድስ ያሳተማቸው እንደ ሄሮይን ያሉ ባንዶች ደግሞ ሁሉንም ጨመቁት። ሹክሹክታው፣ መፈንዳቱ፣ መውደቁ በአንድና በሁለት ደቂቃ ውስጥ ይደራረባል። ይህ ስልት “ስክሪሞ” ተባለ፤ ጩኸት ከሚለው ቃልና ከኢሞ ተጣምሮ።

በስዊድን ሰሜን ከምትገኘው ኡሜዮ የመጣው ሪፊውዝድ፣ ዝምታውን በሌላ ሙዚቃ ተካው። በ1998 ያወጣው አልበም ስሙን ያገኘው የጃዙ ኦርኔት ኮልማን በ1959 ካወጣው ዝነኛ አልበም ነው። ጩኸቱ ይቋረጥና የጃዝ ቤዝ፣ የኤሌክትሮኒክ ምት፣ ባለ አውታር መሣሪያ ይገባል። ባንዱ በዚያው ዓመት ተበተነ፤ አልበሙ ግን ከፈጣሪዎቹ መለያየት በኋላ ዓለምን ዞረ።

በቴክሳስ፣ ከሜክሲኮዋ ሲውዳድ ኹዋሬዝ ጋር ድንበር የምትጋራው ኤል ፓሶ አት ዘ ድራይቭ ኢን የተባለውን ባንድ አበቀለች። በ2000 የወጣው “ሪሌሽንሺፕ ኦቭ ኮማንድ” በኹዋሬዝ ስለተገደሉ ሴቶች የሚናገር ዘፈን አለው። አንጓዎቹ በንግግር ድምፅ ይነገራሉ፤ ምስክርነት የሚሰጥ ሰው ይመስላል። አዝማቹ ላይ ዜማው ይነሣል። ስለ እንደዚህ ያለ ነገር ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ መጮኽ ጆሮን ይዘጋ ነበር፤ እነሱ በመናገር ጀመሩ፤ ሰውም ሰማቸው።

ጩኸት ዘፈን ነው ወይ?

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ “መጮኽ ዘፈን ይባላል ወይ?” ብሎ ቢጠይቅ አልፈርድበትም። መልሱ ግን ከቤታችን አለ። ሽለላው በዜማ ይሄዳል፤ መሣሪያው ከሥሩ ይመታል። ድንገት ፎካሪው ብድግ ይላል፤ ዜማው ይቀራል፤ ጉሮሮው ይሻክራል፤ የአባቱን ስም ጠርቶ ይፎክራል። ከዚያ ዜማው እንደገና ይቀበለዋል። ፉከራው ጥበብ አይደለም የሚል የለም። ዜማው ባይቀድመው ግን እንዲያ አያስደነግጥም፤ ፉከራው ባይከተለው ዜማው እንዲያ አያባባም።

ከ2001 ወዲህ ፖስት ሃርድኮርን ወደ ብዙ ሕዝብ ያደረሰው ይኸው አሠራር ነው። በኒው ጀርዚ ምድር ቤቶች ያደገው ተርስዴይ “ፉል ኮላፕስ” በተባለው የ2001 አልበሙ ለስላሳ ዜማንና ጩኸትን በአንድ ዘፈን አሰናሰለ። የካናዳው አሌክሲስኦንፋየር ሥራውን በሰው ከፈለው፦ ጆርጅ ፔቲት ይጮኻል፣ ዳላስ ግሪን ይዘፍናል። አንዱ የተናደደው ልብ ነው፣ ሌላው የሚያጽናናው። ወጀቡና ጸጥታው በመጨረሻ ተጋቡ።

መልሱ ልማድ ሲሆን

ትዳሩ ግን ፈተና ገጠመው። አሠራሩ ሲሳካ ሁሉም ያዘው። በ2000ዎቹ አጋማሽ ላይ እጅግ ብዙ ባንዶች አንድ ንድፍ ተከተሉ፦ አንጓው ይጮኻል፣ አዝማቹ ይለሰልሳል፣ ሦስተኛው ደቂቃ ገደማ ፍጥነቱ ረግቦ ብሬክዳውን የሚባለው ከባድ፣ ዝግ ያለ ምት ይወርዳል። አድማጩ ጸጥታው መቼ እንደሚመጣ አስቀድሞ አወቀ። የታወቀ ለውጥ ደግሞ ለጆሮ ለውጥ አይደለም።

የቀረጻ ቴክኖሎጂውም አባባሰው። ከ1990ዎቹ ጀምሮ አልበሞች ከሌሎች አልበሞች በላይ እንዲጮኹ ሲባል ዝቅተኛው ድምፅ ከፍ ይደረግ፣ ከፍተኛው ይጨፈለቅ ጀመር፤ ይህ ኮምፕሬሽን ይባላል። ተራራው ተደርምሶ ሸለቆው ሲሞላ የሚቀረው ሜዳ ነው። ሹክሹክታውና ጩኸቱ በማዳመጫ ውስጥ እኩል ሆኑ። ዝናቡ ጣሪያው ላይ እንደወረደ ነው፤ እኛ መስማት ተውን።

ከሜዳው የወጡት ወደ መጀመሪያው ጥያቄ የተመለሱ ናቸው። የሚቺጋኑ ላ ዲስፒዩት በንግግርና በዘፈን መካከል በሚንቀጠቀጥ ድምፅ ታሪክ ይተርካል። የሎስ አንጀለሱ ቱሼ አሞሬ በ2016 “ስቴጅ ፎር” የተባለ አልበም አወጣ፤ ድምፃዊው በካንሰር ስላጣቸው እናቱ። ርዕሱ አራተኛ አልበማቸው መሆኑንም፣ የሕመሙን አራተኛ ደረጃም ይናገራል። አልበሙ በአብዛኛው ጩኸት ነው። የመጨረሻው ዘፈን ሲያበቃ መሣሪያዎቹ ይረግቡና እናቱ በስልክ የተዉለት መልእክት ይሰማል። ተራ የእናት ድምፅ፣ ለተራ ጉዳይ የደወለ። ከዚያ ሁሉ ጩኸት በላይ የሚሰማው እሱ ነው። ራይትስ ኦፍ ስፕሪንግ በ1985 ጉሮሮ ውስጥ ያስገባት ዝምታ፣ ከ31 ዓመት በኋላ እዚህ ቦታ አገኘች።

እንዴት ይደመጥ

ይህን ሙዚቃ ለመሞከር የምትፈልጉ በ“ዌይቲንግ ሩም” ጀምሩ። የድምፁን መጠን ከፍ አታድርጉት፤ ቤታችሁን ጸጥ አድርጉት እንጂ፤ ወለሉን ዝቅ ማድረግ ይኸው ነው። መጀመሪያ ሁሉንም አብራችሁ ለመስማት አትታገሉ። ቤዙን ብቻ ያዙ። ቀጥላችሁ ጊታሩና ድራሙ ቤዙን እንዴት እንደሚጠብቁት ስሙ። ግጥሙ ባይገባችሁ አትጨነቁ፤ ፉከራ ሲፎከር ቃሉ ሁሉ ሳይያዝም ልብ ይደነግጣል።

ዲሲ ያላችሁ ደግሞ አንድ ቀን በእግራችሁ ሂዱ። በ1980 ኤፍ መንገድ ላይ ተከፍቶ ለዚህ ሙዚቃ መኖሪያ ከሆኑት አዳራሾች አንዱ የሆነው 9፡30 ክለብ፣ ከ1996 ጀምሮ ያለው ቪ መንገድ ላይ ነው። ኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶች ከተደረደሩበት ከ9ኛው መንገድና ከዩ መንገድ ማዕዘን የጥቂት ደቂቃ እርምጃ ብቻ ይርቃል። ከእራት በኋላ በዚያ ስታልፉ በግድግዳው በኩል የድራም ጉርምርምታ ይሰማችሁ ይሆናል። ጥቂት ስትቆሙ ጆሯችሁ ይለምደዋል፤ ወሬያችሁን ትቀጥላላችሁ፤ ትረሱታላችሁ። ከዚያ ውስጥ ያለው ባንድ ድንገት ያቆማል።

ያን ጊዜ ቀና ትላላችሁ።